በቲቪ የሚታይ የኢላማ ተኩስ ውድድር እንዴት ይዘጋጃል? (ዕድለኛው ሳይሆን ጎበዙ እንዲያሸንፍ)

በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ የቱርኩ ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ከቶ፣ የዘወትር መነጽሩን አድርጎ ሲተኩስ የሚያሳየውን ፎቶ ሼር ያላደረገ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በወንድና ሴት ድብልቅ ብር ሜዳሊያ ያገኙበትን ውድድር ራሱን ቁጭ ብሎ ያየ ግን ስንት ነው? እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አይፈረድበትምም፣ 10 ሜትር ሽጉጥ ላይ አስር የምታሰጠው ክብ 11.5 ሚሊሜትር ናት፣ ቲቪ ላይ የሚታየው ቆሞ የሚተነፍስ ሰው ብቻ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የአሜሪካኖቹ ሪያሊቲ ሾው አለ፣ ጠርሙስ ይሰባበራል፣ የሆነ ነገር ይፈነዳል፣ ለዓይን ደስ ይላል፣ ግን መጨረሻ ላይ የቀረው ሰው እውነት ከሁሉም ይበልጣል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ እንጃ ነው መልሴ። እኔ ጀርመን ውስጥ አንድ የአየር ጠመንጃ ክለብ ነጥብ በመያዝ አግዛለሁ፣ ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል ባይ ነኝ። ለዩቲዩብም ይሁን ለትልቅ ቻናል፣ እንዲህ ነው የሚሰራው።

መጀመሪያ ምን እንደምትፈትኑ ወስኑ

ተኩስ አንድ ችሎታ አይደለም። ረጋ ብሎ አነጣጥሮ መምታት አለ፣ ፈጥኖ መምታት አለ፣ ተኝቶ፣ ተንበርክኮና ቆሞ መተኮስ አለ፣ ርቀትና ንፋስ መገመት አለ። ከነዚህ አራቱን ምረጡና ለእያንዳንዱ አንድ ዙር ስጡት፣ በቃ። በ2010 ሂስትሪ ቻናል ላይ የጀመረው ቶፕ ሾት የተባለው የአሜሪካ ሾው ጠመንጃና ሽጉጥ ብቻ አልበቃ ብሎት ቀስት፣ ቢላ ውርወራ፣ መጥረቢያ ውርወራ ሁሉ ጨምሯል። ለማየት አሪፍ ነው አልክድም፣ ግን በመጥረቢያ ውርወራ ምክንያት አንድ ምርጥ ጠመንጃ ተኳሽ ወደ ቤቱ ከሄደ ውድድሩ የምን እንደሆነ ይጠፋኛል።

የሴፍቲውን ነገር አላብራራም፣ ፈቃድ ያለው የተኩስ ሜዳ፣ ምንም አይነት የካሜራ ስራ የማይመለከተው የሴፍቲ ሃላፊ፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ፣ አፈሙዝ ሁሌ ወደ ኢላማው። ዳይሬክተሩ "ወደ ካሜራው ዞር በልልኝ" ካለ ዳይሬክተሩን አስወጡት።

ጠመንጃው የማን ነው?

ሾው ሰሪዎች አንድ አሮጌ ጠመንጃ ያመጡና ሁሉም በዚሁ ይተኩስ፣ እኩል ሆነ ይላሉ። እኩል አልሆነም። የሰው ዓይን ይለያያል፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ የሚያሳርፍበት ቦታ ይለያያል፣ ስለዚህ ለአንዱ መሃል የሚመታው ጠመንጃ ለሌላው ወደ ግራ ሊሄድ ይችላል። መፍትሄው ከባድ አይደለም፣ ነጥብ የማይያዝባቸው የማስተካከያ ጥይቶች ስጡ። ኦሎምፒክ ላይ እንኳ 10 ሜትር ከመጀመሩ በፊት 15 ደቂቃ የዝግጅትና የማስተካከያ ጊዜ አለ፣ ያውም ሰዎቹ እድሜ ልካቸውን በያዙት የራሳቸው መሳሪያ! እኔ ብሆን የጥራት ዙሩን (ረጋ ብሎ የማነጣጠሩን) በራሳቸው ጠመንጃ፣ አንድ ዙር ብቻ ደግሞ ለሁሉም አዲስ በሆነ መሳሪያ አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም አዲስ መሳሪያ ቶሎ መልመድም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው።

ስንት ጥይት? (ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው)

ሁለት ተኳሾች አሉ እንበል። አንደኛው በአማካይ ከ10 ጥይት 8 ይመታል፣ ሌላው 7። ማን እንደሚበልጥ ክርክር የለውም። አሁን እንደ ቲቪ ሾው "አንድ አንድ ጥይት ተኩሱ፣ አንዱ መትቶ ሌላው ከሳተ የሳተው ይውጣ፣ እኩል ከሆናችሁ ድገሙ" በሏቸው። ደካማው ጎበዙን አስወጥቶ የሚቀርበት ዕድል ስንት ይመስላችኋል? ከ100 ወደ 37 ይጠጋል። ከሶስት ጊዜ አንዴ በላይ ማለት ነው! ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ ካሜራው ላቡ ላይ ተተክሎ፣ አቅራቢው "ዛሬ ምርጡ ተለየ" እያለ።

ሃያ ሃያ ጥይት ብታደርጉት (እኩል ሲወጡ ዕጣ እናውጣ ካልን) ከ100 ወደ 23 ይወርዳል፣ አሁንም ብዙ ነው። 60 ስታደርሱት ነው ወደ 10 የሚወርደው። የ10 ሜትር ማጣሪያ 60 ጥይት የሆነው ሰውን ለማሰልቸት አይደለም።

"60 ጥይት ማን ቁጭ ብሎ ያያል?" ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ ማንም አያይም። ግን ጥይት ሳትጨምሩ ዕድልን መቀነሻ መንገድ አለ። አንደኛው መታ/ሳተ ብቻ እያሉ መቁጠርን መተው ነው፣ ጠርዙን የነካውና መሃሉን የበሳው እኩል ከተቆጠሩ ከእያንዳንዱ ጥይት የምታገኙትን ብዙ መረጃ ጣላችሁት ማለት ነው። ኤሌክትሮኒክ ኢላማ እስከ 10.9 ድረስ በነጥብ ይለካል፣ 10 ሜትር ጠመንጃ ላይ አስሯ ራሷ ግማሽ ሚሊሜትር ናት፣ ያቺን የነካው ጥይት ወደ መሃሏ ምን ያህል እንደቀረበ ነው እንግዲህ 10.2 እና 10.7ን የሚለየው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን በጀታችሁን ለጭስና ለፍንዳታ ከምታወጡት እዚህ ላይ አውጡት። ብረት ሰሌዳ ቀጭ ሲል ደስ ይላል፣ ለመለካት ግን አይረባም።

ሁለተኛው ማንንም ቶሎ አለማስወጣት ነው። ሶስት አራት ዙር ውጤቱን ደምሩና ከዛ ከታች ያለውን ቀንሱ። በአንድ መጥፎ ቀን ሰው አይሸኝም።

ሶስተኛው ፍጥነትን ከጥራት ጋር ማጋባት ነው፣ ይሄን የሰራው አይፒኤስሲ የሚባለው ከ1976 ጀምሮ ያለው የተግባር ተኩስ ፌዴሬሽን ነው፤ ያገኘኸውን ነጥብ በፈጀብህ ሰከንድ ያካፍሉታል። 50 ነጥብ በ10 ሰከንድ ያገኘ 5 ይሆናል፣ 45 ነጥብ በ8 ሰከንድ ያገኘ ግን 5.6 ገደማ፣ ስለዚህ ሁለተኛው በለጠ። ሲፈጥን ቢስት ደግሞ ለሳተው 10 ይቀነስበታል፣ እንዲሁ በዘፈቀደ ማንደቅደቅ አይቻልም። አንዲት ቁጥር ሁለቱንም ችሎታ ትይዛለች፣ ተመልካቹም ሰዓቱ ሲሮጥ እያየ ይጨነቃል።

ተመልካቹ እንዲገባው አድርጉ

ለዚህ ባያትሎንን (በስኪ እየሮጡ መሃል ላይ የሚተኮስበትን የክረምት ስፖርት) ኮርጁ። ጀርመን ሀገር ክረምት ላይ ኤአርዲ ወይ ዜድዲኤፍ የሚባሉትን የቲቪ ቻናሎች የከፈተ ሰው ያውቀዋል፣ ስለተኩስ ምንም የማያውቁ አሮጊቶች ሳይቀሩ ይጮሃሉ። ለምን? 50 ሜትር ላይ አምስት ጥቁር ክቦች አሉ፣ የተመታው ነጭ ይሆናል፣ አለቀ፣ ማብራሪያ አይፈልግም። ተኝተው ሲተኩሱ ክቡ 4.5 ሴንቲሜትር፣ ቆመው ሲሆን 11.5፣ ቆሞ መተኮስ ስለሚከብድ ክቡ እንደሚሰፋ ሳይቀር በዓይን ይታያል። ስፕሪንት በሚባለው አጭር ውድድር የሳተ ደግሞ ለእያንዳንዷ 150 ሜትር የቅጣት ዙር ይሮጣል፣ የስህተቱ ዋጋ ስክሪኑ ላይ ላብ ሆኖ ይታያል። (መታ/ሳተን ተው ብዬ ባያትሎንን ማድነቄ እንዳይጋጭባችሁ፣ እዚያ ስኪው ራሱ ሌላ መለኪያ ነው።)

በተረፈ የጠመንጃው አፍ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ የሚያሳየውን የማነጣጠሪያ መስመር፣ ተኳሾች ለልምምድ የሚጠቀሙበትን ማለቴ ነው፣ ስክሪን ላይ አውጡት። የልብ ምትም ጨምሩ፣ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ለቀስት ተወዳዳሪዎች አድርገውት በጣም ነው የሚያምረው፣ ፊቱ እንደ ድንጋይ የሆነ ሰው ልቡ ሲደልቅ ታያላችሁ።

ጭንቀቱ ከውጤቱ ይምጣ

ተወዳዳሪ ጆሮ ላይ መጮህ፣ ውሃ መርጨት ምናምን አያስፈልግም። አቴንስ 2004 ላይ አሜሪካዊው ማቲው ኤመንስ በ50 ሜትር ሶስት አቋቋም ፋይናል እየመራ የመጨረሻዋ ጥይት ብቻ ቀርታው ነበር፣ ደህና መታ፣ ግን የመታው የጎረቤቱን ኢላማ ነው! ዜሮ፣ ከአንደኛ ወደ ስምንተኛ። ማንም አልጮኸበትም እኮ። (ያን ቀን ልታጽናናው የመጣችው የቼኳ ተኳሽ ካትሪና ኩርኮቫ በኋላ ሚስቱ ሆነች፣ ስለዚህ ብዙም አትዘኑለት።) ለናንተ የሚሆነው ግን የመተኮሻ ቦታውን ቁጥር ተኳሹ በሚያነጣጥርበት ከፍታ ላይ በትልቁ መጻፍ ነው፣ የቁጥር ስህተት የተኩስ ችሎታ ፈተና አይደለም።

ፋይናሉን ከዜሮ ማስጀመር ላይ አልስማማም። የዓለም ፌዴሬሽኑ ከ2013 ጀምሮ የማጣሪያውን ነጥብ ሰርዞ ፋይናሉን ከዜሮ ያስጀምራል፣ ለቲቪ ሲባል። ይገባኛል፣ ግን ያ ሁሉ 60 ጥይት የት ገባ? የባያትሎን ፐርሱት ይሻላል፣ በስፕሪንቱ የቀደመ በቀደመበት ልዩነት ቀድሞ ይነሳል፣ ከኋላ ያሉት ያሳድዱታል፣ ብልጫው ሳይጠፋ ትዕይንት ሆነ።

ተወዳዳሪዎች ማን እንደሚወጣ የሚመርጡበት ነገር ደግሞ ይቅር። ቶፕ ሾት ላይ የተሸነፈው ቡድን አባላት እንዲወጣ የፈለጉት ሰው ስም ያለበትን ኢላማ በመተኮስ ነበር የሚመርጡት፣ ድራማ ነው አዎ፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈራ ጎበዝ ነው ኢላማ የሚሆነው።

ካሜራ ከመነሳቱ በፊት በጽሁፍ መኖር ያለባቸው

ጠመንጃው ቢከሽፍ ምን ይሆናል? ጥፋቱ የመሳሪያው ከሆነ ይደግማል፣ ማስገባት ረስቶ ከሆነ አይደግምም፣ የሚወስነውም ዳኛው እንጂ ፕሮዲዩሰሩ አይደለም። ተራ በዕጣ ይውጣ፣ ውጭ ከሆነ ደግሞ በየዙሩ ይገልበጥ፣ ጠዋት ጸጥ ባለ አየር የተኮሰና ከሰዓት በንፋስ የተኮሰ እኩል አይደሉም። እኩል ከወጡ አንድ አንድ ጥይት በነጥብ እየተለካ፣ 10.3 ለ10.1፣ እዚህ ጋ ብቻ አንድ ጥይት ችግር የለውም ምክንያቱም እኩልነታቸውን አስቀድመው አሳይተዋል። ኤዲቲንግ ላይ የፈለጋችሁትን ቁረጡ፣ የእያንዳንዱን ሰው ሙሉ የነጥብ ወረቀት ግን ከቪዲዮው ስር ለጥፉት፣ የሚጠራጠር ሰው ራሱ ይደምር።