የበረራውን ሰዓት በጭንቅላት ለማስላት

ቲኬት ላይ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት አይታችሁ በመቀነስ ብቻ የበረራውን ርዝመት አታስሉ። ሁለቱም የየከተማው ሰዓት ናቸውና ያሳስታል። ከርቀቱ ማስላት ይቀላል።

ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያዙ። በመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ወደ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይመጣል። ትላልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ፍጥነት እምብዛም ስለማይለያይ ነው የሚሠራው። ግማሽ ሰዓቷ ለመነሻና ለማረፊያ ናት፤ ያኔ አውሮፕላኑ ዝግ ይላል።

ርቀቱን የምትወስዱት ግን ከአየር መስመር እንጂ ከመኪና መንገድ አይደለም።

ረጅም መንገድ ላይ ነፋስ ይገባበታል። ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች ስሌቱ 14 ሰዓት ይሰጣል። ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ግን ከምዕራብ የሚነፍሰው ከኋላ ስለሚገፋ 13 ሰዓት አካባቢ ይበቃል። ሲሄዱ ነገሩ ሌላ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ጨምሩ።

ትራንዚት ላለው ጉዞ ይህን ስሌት ተዉት። ደግሞ ቲኬቱ ላይ 22:30 ካለ በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው፤ ለሚቀበላችሁ ሰው ስትነግሩ አትርሱ።