ቲፕ ሳይሳቀቁ እንዴት ይሰጣል

ቱሉ ዲምቱም ሁኑ ኮዬ ፈጬ፣ አስተናጋጇ መልስ ይዛ ስትቆም የምትጨናነቁ ካላችሁ ስሙኝ። መጀመሪያ ደረሰኙን እዩት፣ 15 ፐርሰንቱ ቫት ነው ለመንግስት ነው የሚሄደው፣ ሰርቪስ ቻርጅ የሚል ካለበት ግን ከፍላችኋል ማለት ነው ከዛ በላይ ግዴታ የለባችሁም (ለአስተናጋጆቹ ይደርሳቸዋል ወይ? ቀስ ብላችሁ ጠይቋት)። እዚህ ከተማ ዳር ያሉት ትንንሽ ቤቶች ግን ደረሰኝ ላይ እንዲህ አይነት ነገር ብዙም የለም፣ ስለዚህ ከቤት ስትወጡ ዝርዝር ያዙ ምክንያቱም ድፍን ብር ብቻ ከያዛችሁ መልስ የለም ትባሉና ሳትወዱ ትታችሁት ትሄዳላችሁ፣ እኔ ስንቴ ሆኛለሁ። በቴሌብር ስትከፍሉ ቲፑን ከሂሳቡ ጋ አትላኩ፣ ባለቤቱ ጋ ነው የሚገባው፣ በእጇ ስጧት። ጀበና ቡና ላይ ደሞ "መልሱን ያዢው" በቂ ነው። ከሌላችሁም አመስግናችሁ ውጡ፣ ማንም አይከተላችሁም።