ማድሪጋል ሲቀረጽ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1607 ጁሊዮ ቼዛሬ ሞንቴቬርዲ የወንድሙን፣ የጣሊያናዊውን አቀናባሪ የክላውዲዮን አዲስ አሠራር ከተቺዎች ሲከላከል፣ ቃሉ የስምምነቱ (የድምፆቹ ኅብር) እመቤት እንጂ አገልጋይ አይደለም ሲል ጻፈ። ደካማ ሆነው ያገኘኋቸው የዚያ ዘመን ማድሪጋሎች (ጥቂት ድምፃውያን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዜማ ይዘው አብረው የሚያዜሟቸው የጣሊያንኛ ግጥሞች) የድምፅ ቅጂዎች ሁሉ፣ በተለያየ መንገድም ቢሆን፣ እመቤቲቱን ገረድ ያደረጉ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት የቦታ ምርጫ ነው። ሙዚቃው የቆየ ስለሆነ ብቻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይቀረጻል። እነዚህ ዜማዎች ግን በጣሊያን ከተሞች በፌራራና በማንቱዋ ቤተ መንግሥቶች፣ በእልፍኝ ውስጥ፣ ለጥቂት አድማጮች የሚዜሙ ነበሩ። የአቀናባሪውን የጄዙአልዶን ማድሪጋል «ሞሮ፣ ላሶ» ያስቡ። በ1611 የታተመው ይህ ሥራ ገና ሲጀምር እርስ በርስ የማይዛመዱ ኮርዶች (በአንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ይከታተሉበታል። ድምፅ አራት ሰከንድ በሚያስተጋባበት የድንጋይ ሕንጻ ውስጥ አንዱ ኮርድ ሳይጠፋ ሌላው ይደርስበትና ድፍረቱ ሁሉ ጉም ይሆናል። የእንጨት ወለል ያለው መካከለኛ አዳራሽ ይበቃል።

ሁለተኛው ብዛት ነው። አምስት ድምፅ ማለት አምስት ሰው ማለት ነው፤ ሃያ ሰው ያለው መዘምራን አይደለም። አምስቱንም በየክፍላቸው ዘግቶ ለእያንዳንዳቸው ማይክሮፎን መስጠት ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው፤ ድምፃቸውን የሚያመጣጥኑት እየተደማመጡ ነውና። በግማሽ ክብ ይቁሙ፣ ጥንድ ማይክሮፎን ከፊታቸው ይተከል፤ ሌላው ማይክሮፎን ሁሉ ደጋፊ ብቻ ይሁን።

ከሁሉ የከፋው ግን ሜትሮኖም፣ ማለትም እኩል ምት የሚቆጥረው መሣሪያ ነው። አቀናባሪው ፍሬስኮባልዲ በ1615 ቶካታ ለሚባሉት የክላቪየር ሥራዎቹ በጻፈው መግቢያ፣ ተጫዋቹ ለምት እንዳይገዛ ሲመክር ምሳሌ ያደረገው የዘመኑን ማድሪጋሎች ነው፦ ምታቸው እንደ ስሜቱና እንደ ቃሉ ትርጉም አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴም አየር ላይ ይንጠለጠላል። ክላውዲዮ ሞንቴቬርዲ በ1638 ባሳተመው ስምንተኛ የማድሪጋል መጽሐፉ ይህንኑ በግልጽ አዟል። በ«ላሜንቶ ዴላ ኒንፋ» («የኒምፋዋ ልቅሶ») መግቢያና መደምደሚያ ላይ ሦስቱ ወንዶች በእጅ ምት ያዜማሉ። መካከሉ ላይ ልጅቷ ስታለቅስ የምታዜመው ግን በነፍስ ስሜት ምት ነው፤ የሚያዝኑላት ወንዶች እርሷን እንዲከተሉ ሲልም የሁሉንም ድምፅ ኖታ አንድ ላይ አሳትሞላቸዋል። ከሥር ያለችው ወራጅ ባለአራት ኖታ ባስ (ዝቅተኛው ዜማ) ያለማቋረጥ ስለምትደጋገም፣ የድምፅ መሐንዲሱ «በሜትሮኖም ለየብቻ ቀርጸን እናገጣጥመው» ለማለት ይፈተናል። እሺ ካሉት ልቅሶው በሰዓት ቆጣሪ የሚለቀስ ይሆናል።

አጃቢ መሣሪያን በሁሉም ላይ መጨመርም የተለመደ ነው። የሞንቴቬርዲ የ1605ቱ አምስተኛ መጽሐፍ ሽፋን ራሱ ልዩነቱን ይናገራል፦ ባሶ ኮንቲኑዎው (የመሣሪያ አጃቢው ባስ) በተለይ የተሠራው ለመጨረሻዎቹ ስድስት ማድሪጋሎች ነው፣ ለሌሎቹ እንደ ምርጫ። ቴዎርቦ (ረጅም አንገት ያለው የክር መሣሪያ) ስለተከራዩ ብቻ ሁሉም ላይ አያስገቡት።

በፒያኖ መለማመድም ይቅር። የዛሬው ፒያኖ ሜጀር ሦስተኛ (ለምሳሌ ከዶ እስከ ሚ ያለው ርቀት) ከንጹሑ የሰፋ ነው፤ ጆሮ አንዴ ከለመደው በቀረጻው ዕለት አይመለስም።

ከቅኔ አገር ለመጣ ሰው የሚገርመው ደግሞ ግጥሙ ሳይፈታ መቀረጹ ነው። በባለቅኔው በጓሪኒ «ቲርሲ ሞሪር ቮሌያ» («ቲርሲ መሞት ፈለገ») ውስጥ ሰሙ ሞት ነው፣ ወርቁ የአልጋ ነገር። ድምፃውያኑ ይህን ካላወቁ ቀብር ላይ እንዳሉ ሆነው ያዜሙታል።

በመጨረሻ አርትዖቱ ይመጣል። ቅጂዎችን ሲያጋጥሙ በስንኝ መጨረሻ ላይ ይቁረጡ እንጂ በየባሩ (በየምት ክፍሉ) አይቆራርጡ። ትንፋሽንም «ጩኸት ነው» ብለው አይሰርዙ። «ሶስፒሮ» በጣሊያንኛ ትንፋሽ ተስቦ የሚወጣበት የኀዘን «እህ!» ነው፤ በሙዚቃ ጽሕፈት ደግሞ የአጭር ዕረፍት ስም ነው። አቀናባሪዎቹ ይህን ያውቁ ነበርና ቃሉ ሲመጣ ዜማውን በዕረፍት ይሰነጥቁታል። በኮምፒውተር የሚጠፋው ትንፋሽ ብዙ ጊዜ ኖታው ላይ የተጻፈው እህታ ራሱ ነው።