የአንጎል ፕሮቲኖችን ካርታ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የትኛው ፕሮቲን በየትኛው የአንጎል ክፍል እንዳለ ማወቅ ቀላል ይመስላል። ናሙና ይወሰዳል፣ ይለካል፣ ካርታ ላይ ይሰፍራል። ችግሩ የተሳሳተ ካርታም ሲያዩት ያምራል።

ኤምአርኤንኤን እንደ ፕሮቲን መቁጠር። ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። ኤምአርኤንኤ ከጂን የተቀዳ የፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ እንጂ ዕቃው፣ ማለትም ፕሮቲኑ ራሱ፣ አይደለም። የነርቭ ህዋስ ደግሞ ረጅም ነው፤ እዚህ የሠራውን ራቅ ወዳለ ቦታ ይልካል። ዶፓሚን የተባለውን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የተባለ ኢንዛይም እንውሰድ። ኤምአርኤንኤው በመካከለኛው አንጎል፣ ሰብስታንሺያ ናይግራ ውስጥ ባሉ ህዋሶች በብዛት ይገኛል። ኢንዛይሙ ግን በአክሰን (በህዋሱ ረጅም ክር) ተጉዞ ስትራያተም ወደሚባል ሌላ የአንጎል ክፍል ይደርሳል፤ እዚያም ሞልቷል። ኤምአርኤንኤውን ብቻ ያየ ሰው ስትራያተምን ባዶ ነው ብሎ ያልፈዋል። የአለን ኢንስቲትዩትን የአይጥ አንጎል አትላስ ሲያነቡም ይህን ልብ ይበሉ፤ የሚያሳየው ጂኑ የሚሠራበትን ቦታ ነው።

አንቲቦዲን በጭፍን ማመን። አንቲቦዲ የሚፈለገው ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ያለበትን ቦታ በማብራት የሚያሳይ ሞለኪውል ነው፤ ግን ሌላ ተመሳሳይ ፕሮቲን ላይም ሊጣበቅ ይችላል። ጥሩ ፈተና ጂኑ እንዲጠፋ የተደረገበት አይጥ ነው፤ እዚያም ካበራ አንቲቦዲው ጉድ ሠርቶዎታል። ለሰው አንጎል ደግሞ ቢያንስ የፕሮቲኑን ሌላ ክፍል የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይጠቀሙ። በ2003 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ የተጀመረው የሰው ፕሮቲን አትላስ ለውጤቶቹ የአስተማማኝነት ደረጃ ይሰጣል። ሥዕሉን አይቶ ደረጃውን ሳያነብ የሚያልፍ ግን ሞልቷል! በዕድሜ በገፋ አንጎል ውስጥ ደግሞ ሊፖፈስሲን የሚባል የህዋስ ቆሻሻ ክምችት አለ። ያለ ምንም አንቲቦዲ በራሱ ያበራል። ስለዚህ አንቲቦዲ ያልነካው ቁራጭ ሁልጊዜ አብሮ ይታይ።

ከሞት በኋላ ያለፈውን ጊዜ አለመመዝገብ። ፕሮቲኑ ራሱ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ላዩ ላይ የተለጠፈው ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ግን ቶሎ ይረግፋል። ሁለት አንጎሎች በዚህ ቢለያዩ፣ ልዩነቱ የመጣው ከበሽታ ሳይሆን አንዱ አንጎል ዘግይቶ በመቀዝቀዙ ሊሆን ይችላል።

ቁራጩን ፈጭቶ ስለ ነርቭ ህዋስ መናገር። በተፈጨው ውስጥ ግሊያ የሚባሉ የነርቭ ደጋፊ ህዋሶችም፣ የደም ሥርም፣ የቀረ ደምም አለ። ሄሞግሎቢን የተባለው የደም ፕሮቲን በብዛት ከታየ የአንጎሉ ግኝት ነው ብለው አይደሰቱ።

«አልተገኘም»ን «የለም» ብሎ መጻፍ። ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ጥቂት የሆኑ ፕሮቲኖች በብዙዎቹ ይሸፈናሉ። የህዋስ ሽፋን ውስጥ የተቀበሩት ተቀባይ ፕሮቲኖችም በቀላሉ አይሟሙም። ስለዚህ ካርታው ላይ ዜሮ ሳይሆን «አልታየም» ይባል።