ያለፉ የተጫዋች ልውውጦችን መመርመር፦ ለሲሙሌሽን ቤዝቦል ሊግ ሥራ አስኪያጆች

በሲሙሌሽን ቤዝቦል ሊግ፣ ማለትም የቤዝቦል ውድድር በኮምፒውተር ወይም በካርድ እየተመሰለ በሚካሄድበት ጨዋታ ውስጥ፣ ቡድን የሚመራ ሰው ከሚወስናቸው ውሳኔዎች ሁሉ መዘዙ ረጅም የሆነው የተጫዋች ልውውጥ ነው። ያልሠራ አሰላለፍ በማግስቱ ይለወጣል፤ የማይረባ ኮንትራትም ጊዜው ሲደርስ ያልቃል፤ በ19 ዓመቱ ለሌላ ቡድን የተሰጠ ኳስ ወርዋሪ ግን ከስድስት የውድድር ዘመን በኋላ የተጋጣሚን መለያ ለብሶ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ቡድን የሚያስተዳድር ሰው ያለፉ ልውውጦቹን በየዓመቱ የሚመረምርበት ቋሚ አሠራር ቢኖረው ይጠቅመዋል። የሚከተለው አሠራር የተዘጋጀው በተለይ ጀርመናዊው ማርኩስ ሃይንዞን የፈጠረውንና እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የሚወጣውን አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ በማሰብ ነው፤ ሆኖም ሃል ሪችማን በ1961 ለገበያ ያቀረበውን፣ በካርድና በዳይስ የሚካሄደውን ስትራት ኦ ማቲክ ለሚጫወቱም በጥቂት ለውጥ ያገለግላል።

ምርመራው የሚጀምረው ልውውጡ በተፈጸመበት ዕለት ነው። ጨዋታው ማን ለማን፣ መቼ እንደተሰጠ በተጫዋቹ የታሪክ ገጽ ላይ ይመዘግባል፤ እርስዎ ለምን እንደተስማሙ ግን የትም አይመዘግብም፤ የሰው ትውስታ ደግሞ ውጤቱን ካየ በኋላ የቀድሞውን ምክንያት ከውጤቱ ጋር እንዲስማማ አድርጎ ያስተካክለዋል። በዚህ ምክንያት ስምምነቱ በጸደቀበት ሰዓት አጭር ማስታወሻ ይያዙ፤ መብራት በሚጠፋበት፣ ስልክም በሚዘጋበት ከተማ ደግሞ የወረቀት ደብተር ከኮምፒውተር ፋይል ይልቅ እንደሚታመን ልብ ይበሉ። ማስታወሻው ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ ይህን ያህል ይበቃል፦ «ጁላይ 29። ያገኘሁት፦ ግራኝ ወርዋሪ፣ 31 ዓመት፣ ኮንትራቱ ዘንድሮ ያበቃል። የሰጠሁት፦ ሾርትስቶፕ፣ 20 ዓመት፣ የአሁን ብቃቱ 35፣ ጣሪያው 60። ከመሪው በ2 ጨዋታ እንርቃለን። ዓላማ፦ የሴፕቴምበር ጨዋታዎች። ሌላ የቀረበልኝ፦ ቀኝ ወርዋሪ፣ 34 ዓመት፣ በሁለት ወጣቶች ምትክ።» ሾርትስቶፕ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ ነው፤ ጣሪያው ማለት ወደፊት ሊደርስበት የሚችለው ብቃት ነው፤ ብቃቱ የተጻፈው ስካውቶች (ተጫዋች መልማዮች) በሚጠቀሙበት ከ20 እስከ 80 በሚደርሰው መለኪያ ነው። ከሁሉም መስመሮች የመጨረሻው፣ ማለትም በዚያን ቀን በእጅ የነበረው ሌላ አማራጭ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፤ ከዓመታት በኋላ ለሚካሄደው ምርመራ ግን ያለ እርሱ መፍረድ አይቻልም፤ ልውውጥ የሚመዘነው ሊገኝ ከሚችለው ጋር እንጂ ከሚመኙት ጋር አይደለምና።

ምርመራው መቼ ይካሄድ የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ፍርድ የሚበላሸው በጊዜ ምርጫ ነው። ሊጉ በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ አቆጣጠር ምሽት 9 ሰዓት ላይ የሚካሄድ ከሆነ በእነርሱ የበጋ ወራት ለደሴ ሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል፤ እንቅልፍ አጥቶ ውጤቱን የጠበቀ ሰው፣ ትናንት የሸጠው መቺ ሁለት ሆም ራን መምታቱን ሲያይ የሚሰጠው ፍርድ ፍርድ ተብሎ አይቆጠርም። የመጀመሪያውን ምርመራ የውድድር ዘመኑ አልቆ የእነርሱ የክረምት ዝውውር ሳይከፈት ያድርጉ፤ ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ደግሞ በልውውጡ ውስጥ የነበረው የመጨረሻ ተጫዋች ኮንትራቱን ሲጨርስ። በመካከል ያለውን መተው ይሻላል።

ማስታወሻው ሲገለጥ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ እነርሱንም ማቀላቀል የዚህ ሥራ ዋነኛው እንቅፋት ነው። አንደኛው፣ ውሳኔው በዕለቱ በነበረው መረጃ ትክክል ነበር ወይ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው፣ ውጤቱ አማረ ወይ የሚለው ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ ለልጁ ሠርግ ብሎ ወይፈኑን የሸጠ ገበሬ፣ ያ ወይፈን ከሁለት ዓመት በኋላ ሰንጋ ሆኖ በእጥፍ ቢሸጥ አልከሠረም፤ ሠርጉ በዋለበት ቀን ገንዘቡ በእጁ ነበርና። ውጤቱን ብቻ አይቶ በራሱ ላይ የሚፈርድ ሥራ አስኪያጅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይደርስበታል፤ ከዚያም ብሶ በሚቀጥለው ዓመት ትክክለኛውን ውሳኔ ፈርቶ ይተወዋል።

ለዚህ ከእውነተኛው ቤዝቦል ታሪክ የተሻለ ማስተማሪያ የለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1987 ዲትሮይት ታይገርስ የ36 ዓመቱን ወርዋሪ ዶይል አሌክሳንደርን ከአትላንታ ብሬቭስ ሲያመጣ በምትኩ የሰጠው በታችኛው ሊግ ይጫወት የነበረውን የ20 ዓመቱን ጆን ስሞልትዝን ነበር። አሌክሳንደር በቀሩት ሳምንታት 9 ጊዜ አሸንፎ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም፤ በ9 ኢኒንግ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ፣ የተቆጠረበት አማካይ ነጥብም 1.53 ብቻ ነበር። ዲትሮይት ምድቡን ቶሮንቶን በ2 ጨዋታ ብቻ በልጦ በመጨረሻው ቀን አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን በአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ በሚኒሶታ ተረታ፤ አሌክሳንደርም የጀመራቸውን ሁለቱንም ጨዋታዎች ተሸነፈ። ስሞልትዝ በበኩሉ በ1996 ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግን ሽልማት ወሰደ፣ 213 ድልና 154 ሴቭ (የቡድኑን መሪነት እስከ መጨረሻ አስጠብቆ የጨረሰበት ጨዋታ) አስመዘገበ፣ በ2015ም ወደ ክብር አዳራሽ ገባ።

ይህን ልውውጥ ብዙዎች የዲትሮይት ጥፋት አድርገው ይጠቅሱታል፤ በእኔ አመለካከት ፍርዱ ተቻኩሏል። ስሞልትዝ በዚያ ዓመት በታችኛው ሊግ 4 አሸንፎ 10 የተሸነፈ፣ በ9 ኢኒንግ ከ5 ነጥብ በላይ የሚቆጠርበት ወጣት ነበር፤ ዲትሮይትም የፈለገው የ1987ን ሴፕቴምበር ነበር፤ ያንንም ያለ አሌክሳንደር ያገኘው ነበር ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው። በደብተርዎ ላይ እንዲህ ያለው ልውውጥ ሁለት ምልክት ያገኛል፤ ለውሳኔው ጥሩ፣ ለረጅሙ ውጤት መጥፎ። ሁለቱን ምልክቶች ደምሮ አማካይ ማውጣት አይገባም።

ሁኔታው የሚለየው መረጃው እያለ ሳይታይ ሲቀር ነው። ቺካጎ ካብስ ጁን 15 ቀን 1964 ሉ ብሮክን ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ሰጥቶ ወርዋሪውን ኧርኒ ብሮግሊዮን ሲወስድ፣ ብሮግሊዮ ባለፈው ዓመት 18 ጊዜ ያሸነፈ ስለነበር ስምምነቱ ለካብስ የሚያዋጣ መስሎ ነበር። ብሮግሊዮ ግን ክርኑን ታሞ ነበር፤ በቺካጎ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ያሸነፈው 7 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ብሮክ ደግሞ በዚያው ዓመት ከካርዲናልስ ጋር የዓለም ዋንጫ የሚባለውን ወርልድ ሲሪስ አንሥቶ በኋላ 938 ቤዝ ሰርቆ፣ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ፣ ጨረሰ። በሲሙሌሽን ጨዋታ የተጫዋቹ የጉዳት ታሪክና ለጉዳት ያለው ተጋላጭነት አብዛኛውን ጊዜ በገጹ ላይ ይታያል። ስለዚህ ያገኙት ወርዋሪ ክንዱ ተጎድቶ ከሆነ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ያ ገጽ በልውውጡ ዕለት ተከፍቶ ታይቶ ነበር ወይ የሚለው ነው፤ ታይቶ ከሆነ ዕድል ነው፤ ካልታየ ግን የአሠራር ጉድለት ነውና በሚቀጥለው ማስታወሻ ላይ «ጉዳት» የሚል መስመር ይጨመር።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ይሠራል። ዋር የሚባለው መለኪያ አንድ ተጫዋች በቀላሉ ከሚገኝ ምትክ ይልቅ ለቡድኑ ስንት ድል እንደጨመረ ይገምታል፤ በግርድፉ 10 ነጥብ እንደ 1 ድል ይቆጠራል፤ 162 ጨዋታ ባለው የውድድር ዘመን 2 አካባቢ የሚያመጣ መደበኛ ተሰላፊ፣ 5 እና ከዚያ በላይ የሚያመጣ ኮከብ ይባላል። መቆጠር ያለበት ግን ተጫዋቹ በሕይወቱ ያመጣው ሁሉ አይደለም፤ የእርስዎ ሆኖ ሊቆይ በሚችልበት ዘመን ያመጣው ብቻ ነው። ሊግዎ የአሜሪካውን ከፍተኛ ሊግ፣ የሜጀር ሊግን፣ ደንብ የሚከተል ከሆነ ተጫዋቹ 6 የአገልግሎት ዓመት ሲሞላው ነጻ ይሆናል፤ በ7ኛው ዓመት በሌላ ቡድን ያመጣው ድል እርስዎ ባይሸጡትም የእርስዎ ላይሆን ይችል ነበር። ከላይ በማስታወሻው የተጠቀሰው ሾርትስቶፕ በ6 ዓመት 14 ድል አመጣ እንበል፤ ወርዋሪው በ2 ወር 2 ድል ብቻ አመጣ እንበል። 14 ለ2 ሲታይ ልውውጡ ያስደነግጣል። ነገር ግን ቡድኑ ምድቡን በ1 ጨዋታ በልጦ አሸንፎ ከሆነ እነዚያ 2 ድሎች ዋንጫውን የወሰኑ ናቸው፤ ሾርትስቶፑ ካመጣቸው 14 ውስጥ ስምንቱ ቡድንዎ ለማንኛውም መጨረሻ በወጣባቸው ዓመታት የተገኙ ቢሆኑ ደግሞ ያን ያህል አይቆጩም። ከ88 ወደ 90 የሚያደርስ ድልና ከ 68 ወደ 70 የሚያደርስ ድል በቁጥር እንጂ በዋጋ እኩል አይደሉም። የተከፈለውን ደመወዝም አብረው ይጻፉ፤ በገንዘብ ጣሪያ የሚተዳደር ሊግ ከሆነ የተረፈው ገንዘብ ማንን እንዳስፈረመ ማየት የሒሳቡ አካል ነው። የልውውጡ ቅርንጫፍ ሲረዝም፣ ማለትም ያገኙት ተጫዋች በሌላ ሲለወጥ፣ ያም በሌላ ሲለወጥ፣ ከሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ ማቆም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሄዱ የሚመረምሩት ሌላ ውሳኔ ነው።

ሲሙሌሽን እውነተኛው ቤዝቦል የማይሰጠውን አንድ ዕድል ይሰጣል። ዲትሮይት የ1987ን ኦገስት መልሶ ሊያካሂድ አይችልም፤ ለብቻዎ በሚጫወቱት ሊግ ግን ከልውውጡ በፊት የፋይሉን ቅጂ ካስቀመጡ ያንኑ ወቅት ደጋግመው ማካሄድ ይችላሉ። የተጫዋቾች ዕድገትና ጉዳት በከፊል በዕጣ ስለሚወሰን ያው የ20 ዓመት ሾርትስቶፕ በአንዱ ሙከራ ኮከብ፣ በሌላው ጉልበቱ የተሰበረ፣ በሦስተኛው ተጠባባቂ ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ጊዜ ደጋግመው ከልውውጡ ጋርና ያለ ልውውጡ ያካሂዱ፤ በብዙዎቹ ሙከራዎች ቡድንዎ የተሻለ ከሆነ፣ በትክክለኛው ሊግ የደረሰው ያልታደለው ዕጣ ነበር ማለት ነው። ከሌሎች ጋር በሚጋሩት ሊግ ይህን ማድረግ የሊጉ ኃላፊ ሥልጣን ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይሞከርም፤ ኃላፊው ፈቃደኛ ቢሆንም እንኳ መመርመር ያለበት ያለፈና የተዘጋ ዘመን ብቻ ነው፤ የወደፊቱን አስቀድሞ ማየት ማጭበርበር ነውና።

ልውውጦቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ በዓይነት ይከፋፍሏቸው፦ የልውውጥ በር ሊዘጋ ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 24 አካባቢ፣ በጥድፊያ የተደረጉት፣ ደመወዝ ለማቃለል የተደረጉት፣ ወጣት በወጣት የተለወጡት። አንድ ልውውጥ ብዙ አይናገርም፤ በአንድ ዓይነት የተሰበሰቡ ሰባት ስምንት ልውውጦች ግን ይናገራሉ፤ የወጣት ወርዋሪዎችን ጣሪያ ሁልጊዜ አብዝቶ የሚገምት ሰው ያንን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻም ሌላኛው ወገን አለ። ያ ሰው ለምን እንደተስማማ ማወቅ የራስን ግምት ያርማል፤ ጥያቄው ግን የሚጠየቀው ልውውጡ ለማንም መሣለቂያ ባልሆነበት ጊዜና በአክብሮት ነው። በደሴ እንዲህ ያለው ወሬ በቡና ላይ ይቀላል፤ ታናሹ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ሾርትስቶፑን ለምን ፈለጉት?» ሲል፣ ታላቁ «አብሽር ልጄ፣ በብቃቱ አልነበረም፤ ሁለት ተጫዋቾቼ በዚያው ሳምንት ተጎድተው ባዶ ቦታ ነበረኝ» ሊለው ይችላል። እንዲህ ያለ መልስ ከየትኛውም የቁጥር ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም፤ ታናሹ በዚያ ሳምንት ከፍ ያለ ዋጋ መጠየቅ ይችል እንደነበርም ያሳያል። መልሱን በዚያው ማስታወሻ ግርጌ፣ ከቀኑ ጋር ይጻፉት፤ ከዚያም ከዚያው ሰው ጋር የሚቀጥለውን ድርድር ከመክፈትዎ በፊት የቡድኑን የዕለቱን የተጎጂዎች ዝርዝር አስቀድመው ይክፈቱ።