መንታ ሲወለድ መዝገቡ እንዳይሳሳት

በማዋለጃ መዝገብ ላይ አንድ ረድፍ የአንድ እናት ነው። መንታ ሲመጣ ሁለቱም ልጆች እዚያው ይጨናነቃሉ፦ «ወ/ሴ፣ 2550/2200»። ወር ሲያልቅ ታሊ (የወሩን ቆጠራ) የሚሠራው ሰው ረድፍ ስለሚቆጥር ሁለተኛው ልጅ ይቀራል፤ ከ2500 ግራም በታች መሆኑም አብሮት ይጠፋል።

ለሁለተኛው ልጅ ከሥር አዲስ ረድፍ ያዙለት። የእናትየዋ ካርድ ቁጥር ይደገም፣ ተራ ቁጥር ግን አይሰጠው፤ ከተሰጠው አንዷ እናት ሁለት ሆና ትቆጠራለች። «መንታ 1»፣ «መንታ 2» ብላችሁ ጾታ፣ ክብደት፣ አፕጋር (ልጁ እንደተወለደ ለሁኔታው የሚሰጥ ነጥብ) እና ሰዓት ለየብቻ ጻፉ። እኩለ ሌሊት አካባቢ ከሆነ ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መሆኑን ተራኞቹ ሁሉ ይወቁት። 5፡50 እና 6፡10 የተወለዱ መንቶች የልደት ቀናቸው ይለያያል፤ «ለማመሳሰል» ተብሎ አይስተካከልም።

ሌላው ጣጣ ስም ነው። እንደ ደሴ ባለ ከተማ ብዙ ልጅ ስም የሚወጣለት በሰባተኛው ቀን በአቂቃ፣ ወይም በ40 እና በ80 ቀን በክርስትና ነው። እስከዚያ ሁለቱም «የእገሊት ልጅ» ናቸው። ዳታ የሚያጠራው ሰው አንድ እናት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ስም ሲያይ ድጋሚ የተጻፈ መስሎት አንዱን ይሰርዛል። «መንታ 1» ወይም «መንታ 2» የሚል የእጅ ማሰሪያ ልጆቹ ከማዋለጃ ክፍል ሳይወጡ ይታሰርላቸው፤ ከጠፋ በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ።

አንደኛው ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ተወልዶ፣ ሁለተኛው በማህፀን ውስጥ አግድም ሆኖ እናትየዋ ወደ ደሴ ስትላክ ሁለቱም መዝገቦች ላይ «ነጠላ» ሆነው ይቀራሉ። በሪፈር ወረቀቱ ላይ «መንታ 1 እዚህ ተወልዷል» ተብሎ ሰዓቱና ክብደቱ ይጻፍ፤ ተቀባዩም ልጁን «መንታ 2» ብሎ ይመዝግብ።

አንዱ ሞቶ ከተወለደም የተረፈው መንታ መሆኑ አይቀርም። ጥቂት እንኳ ተንፍሶ ወይም ልቡ መትቶ ያረፈው ደግሞ በሕይወት የተወለደ ነው፤ ሞቶ ከተወለደው ጋር አይደመርም።

ሪፖርቱን ከመላክ በፊት ይህን አስሉ፦ 84 እናቶች ወልደው 3ቱ መንታ ከሆኑ ልጆቹ 87 ናቸው፤ በሕይወት የተወለዱትና ሞተው የተወለዱት ተደምረው 87 መምጣት አለባቸው። 84 ከመጣ ታሊውን ሳይሆን መዝገቡን ግለጡ።

ወላጆች ቀበሌ የሚሄዱት በ90 ቀን ውስጥ ነው። የልደት ማሳወቂያው ለየልጁ አንድ አንድ ይሰጣቸው፤ በአንድ ወረቀት የተላኩ ብዙ ጊዜ የሚያስመዘግቡት አንዱን ነው።