ጀማሪ የፋይናንስ ጠበቆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ጠዋት ጠዋት ወደ ሜክሲኮና ሰንጋ ተራ የሚጋፉ ወጣት የሕግ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ የባንክ ሕግ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፣ ሌሎቹ ጥብቅና ድርጅት። ውሏቸው ብድር፣ መያዣ፣ አክሲዮን፣ የኩባንያ ግዢና ሽያጭ ነው። እኔ ይህን ሥራ በጣም እወደዋለሁ። ለዚህም ነው ገና በጠዋቱ ተሰላችተው የሚተዉት ልጆች የሚያሳዝኑኝ። አብዛኞቹ ገንዘቡ ከየት መጥቶ የት እንደሚገባ ሳያዩ ወረቀቱ ላይ ብቻ ይቀራሉ።

መሥሪያ ቤት በፎቁ መምረጥ

ደመወዝ አይናቅም፣ ኪራይ የሚከፍል ሰው ያውቀዋል። ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ያረቀቅኩትን ውል ቁጭ ብሎ የሚያርምልኝ ማነው? የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ስለሆነ በጋራ የሚሠሩት ቢሮዎች ገና ወጣት ናቸው። ጀማሪ የማስተማር ልምዳቸውም ይለያያል። ከመፈረማችሁ በፊት እዚያ የሚሠራ ልጅ ፈልጉና ማኪያቶ ጋብዛችሁ እውነቱን ጠይቁት።

የውጭ ናሙና ገልብጦ ማስገባት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። ከኢንተርኔት የወረደ የብድር ውል አለ፣ እንግሊዝኛው ያማረ፣ ገጹ የበዛ፣ ስም ብቻ ተቀይሮ የሚቀርብ። ያ ውል የተጻፈው መሬት በግል በሚያዝበት አገር ነው። እኛ ጋ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ በመያዣ የሚሰጠው ሕንፃውና የሊዝ መብቱ ነው። በሊዝ አዋጁ 721/2004 መሠረት ደግሞ የሊዝ መብት የሚያዘው እስከተከፈለው የሊዝ ገንዘብ ድረስ ነው። ይህን ያላየ ጠበቃ የሌለ ዋስትና ጽፎ ደንበኛውን ተደላድለህ ተኛ ይለዋል።

ትዳሩም አለ። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት በመያዣ ለመስጠት የባልና የሚስት ስምምነት ይፈልጋል። ከ500 ብር በላይ ለመበደርና ዋስ ለመሆንም እንደዚሁ። 500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቃለን፣ ድንጋጌው ግን እዚያው አለ። የውጭው ናሙና ስለ ሚስት ፊርማ ምንም አይልም።

ምዝገባውንም ከማረጋገጫው ጋር አታምታቱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአዋጅ 639/2001 ከተሻሻለ ወዲህ ባንክ ለሚሰጠው ብድር የሚደረግ የመያዣ ውል ውልና ማስረጃ ሄዶ እንዲረጋገጥ አይገደድም። በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ መግባት ግን ግዴታ ነው፣ ያለዚያ መያዣው ዋጋ የለውም። የገባውም የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው፣ ከዚያ በፊት መታደስ አለበት። ለረጅም ጊዜ ብድር ቀኑን ካላንደር ላይ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እናንተ ሁኑ።

ከጠረጴዛ አለመነሳት

እኛ ዳር የምንኖር ሰዎች አንድ ዕድል አለን። ባንኮቹ መሀል ከተማ ናቸው፣ ተበዳሪዎቹ ፋብሪካዎች ግን ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ፣ ገላንና ዱከም ናቸው፣ ሰፈራችን ማለት ነው። ፋይሉ ላይ «አንድ የማምረቻ መሥመር» ተብሎ የተጻፈው ምን እንደሆነ አለቃችሁን አስፈቅዳችሁ ሄዳችሁ እዩት። ማሽኑ ተተክሏል ወይስ በሳጥኑ ነው? ዕቃው መጋዘን ውስጥ የማነው? በአዋጅ 1147/2011 መሠረት ማሽን፣ የመጋዘን ዕቃ፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብ፣ ከብትና ሰብል ሳይቀር ዋስትና መሆን ይችላሉ። ከአበዳሪዎቹ ማን እንደሚቀድም የሚወሰነውም በመርህ ደረጃ በምዝገባ ጊዜ ነው። አይታችሁት ከመጣችሁ የንብረቱን ዝርዝር የምትጽፉበት አማርኛ ራሱ ይቀየራል።

ሌላም ነገር አለ። ቃሊቲ ያለው ቤት አዲስ አበባ ነው፣ ገላን ያለው ሸገር ከተማ፣ ማለትም ኦሮሚያ። የመሬት መሥሪያ ቤቱ፣ የሰነዱ ቋንቋ፣ የቤተሰብ ሕጉም ይለያል። አፋን ኦሮሞ የምታነቡ ከሆነ በዚህ ሥራ ትልቅ ጉልበት ነው። የማታነቡ ከሆነ መማር ጀምሩ፣ ሰፈሩ ራሱ ያስተምራችኋል።

የሂሳብ መግለጫ ሲመጣ ገጹን ማለፍ

«እኔ ሕግ ነው የተማርኩት» ማለት እዚህ ሥራ ላይ አያዋጣም። ትርፍና ጥሬ ገንዘብ ለምን እንደሚለያዩ፣ ዕዳው መቼ መቼ እንደሚደርስ ማንበብ ተማሩ። የሒሳብ ሠራተኛ ጓደኛ ካላችሁ አንድ ሁለት ቅዳሜ ይበቃችኋል።

መያዣ ካለ ብድሩ ደህና ነው ብሎ ማሰብ

በአዋጅ 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ይህ በጣም ከባድ ሥልጣን ነው። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ቤት የነጋዴው ሳይሆን የእናቱ ወይም የወንድሙ ነው። እኔ የምለው፣ የዋስትናውን ውል የምታስፈርሙ እናንተ ከሆናችሁ እማማ እስኪገባቸው ድረስ አስረዷቸው። «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብላችሁ አትለፉ። ባንኩን ጎዳችሁ የሚላችሁ ካለ፣ አልገባኝም ነበር በሚል ክርክር የሚጓተት ፋይል ለባንኩም ኪሳራ እንደሆነ ንገሩት።

ሳይገባ «እሺ ጋሼ» ማለት

አለቃ ይከበራል፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን «ጋሼ፣ ይቺ አንቀጽ ለምን እንደገባች አልገባችኝም» ማለት ድፍረት አይደለም። የሚቆጣ ካለ የመሥሪያ ቤቱን ጠባይ ቶሎ አወቃችሁ ማለት ነው።

ወረት መከተል

አሁን ሁሉም የካፒታል ገበያ፣ ማለትም የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ፣ ጠበቃ መሆን ይፈልጋል። ደስ ይላል። አዋጁ 1248/2013 ወጥቷል፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ተከፍቷል፣ ወጋገን ባንክም አክሲዮኑን አስመዝግቦ ቀድሞ ገብቷል። ግን አክሲዮን ማኅበር እንዴት ጠቅላላ ጉባኤ እንደሚጠራ፣ ካፒታል እንዴት እንደሚያድግ፣ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ ሳታውቁ ወደ ገበያ የሚወጣ ኩባንያ ማማከር አትችሉም። የንግድ ሕጉን፣ አዋጅ 1243/2013ን፣ የአክሲዮን ማኅበር ክፍሉን ዳር እስከ ዳር አንብቡት። ከቱሉ ዲምቱ ሜክሲኮ ያለው መንገድ ለዚህ የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል፣ መቀመጫ ካገኛችሁ።